«አላገኘሁትም» ሌላ፤ «የለም» ሌላ

ርእሰ አንቀጽ

እንቆቅልሽ ሳይጫወት ያደገ ኢትዮጵያዊ ማግኘት ይቸግራል። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። መልሱ የጠፋበት እንደ ሆነ ግን ነገሩ በዝምታ አይታለፍም፤ «አገር ስጠኝ» ይባላል። ተጠያቂውም ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥቶ ነው መልሱን የሚሰማው። በዚህ የልጆች ጨዋታ ውስጥ ትልቅ ሥርዐት አለ። አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። «አላወቅሁም» ያለ ሰው አገር ከፍሎ ይማራል፤ አገሩን የተቀበለውም ሰው መልሱን የመናገር ግዴታ አለበት።

በዚህ እትም ስለ ሌላ ዐይነት እንቆቅልሽ፣ ማለት ጥቂት ቍጥሮች ተሰጥተው ሌላ የተፈለገ ቍጥር ስለሚወጣበት የሒሳብ ጨዋታ ልንጽፍ ወደናል። «የተማሪዎች ማኅበር ልሳን ከዚህ የከበደ ጉዳይ አጥቶ ነውን?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምነዋለን፤ ጨዋታው ቀላል ቢመስልም የሚያስተምረው ነገር በመማሪያ ክፍልም ሆነ ከክፍል ውጭ በየቀኑ የምንበደልበትና የምንበድልበት ጉዳይ ነውና።

የጨዋታው ሕግ አጭር ነው። ሦስት ወይም አራት ቍጥሮች ይሰጣሉ፤ የሚፈለገው ቍጥር ይነገራል። ተጫዋቹ የተሰጡትን ቍጥሮች ሁሉ፣ እያንዳንዳቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅሞ፣ በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛትና በማካፈል ወደተፈለገው ይደርሳል። ይህ ጨዋታ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 በእንግሊዝ አገር ይታተም በነበረው «ኖውሌጅ» በተባለ መጽሔት አራት ጊዜ 4ን ብቻ እየተጠቀሙ ልዩ ልዩ ቍጥሮችን ስለ ማውጣት ተጽፎ ነበር። በፈረንሳይ ቴሌቪዥን ከ1972፣ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ደግሞ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይኸው ጨዋታ በሰዓት እየተለካ ሕዝብ ሲወዳደርበት ኖሯል። በአሜሪካም ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አራት ቍጥሮች በተጻፉበት ካርድ 24ን የማውጣት ጨዋታ በየትምህርት ቤቱ ተሠራጭቷል። ወጪ የለውም። እርሳስና ቁራጭ ወረቀት ይበቃዋል፤ እርሱም ቢጠፋ ከፊት በሚሄደው መኪና ሰሌዳ ላይ ያሉትን አኃዞች እየለቀሙ በቃል መጫወት ይቻላል።

ለእኛ ግን ሰሌዳም አያስፈልገንም። ከ6 ኪሎ ተነሥቶ በ5 ኪሎና በ4 ኪሎ አድርጎ፣ ራስ መኰንን ድልድይን ተሻግሮ ወደ ፒያሳና ወደ አራዳ ጊዮርጊስ የሚዘልቅ ተማሪ ቍጥሮቹን በእግሩ ይቈጥራቸዋል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው የሰፈሩ መልክ ተለውጧል፤ የሦስቱ ኪሎዎች ስም ግን ቍጥሩን እንደ ያዘ ነው። እንግዲህ በእነዚህ በ4፣ በ5ና በ6 እንጫወት። ከ1 እስከ 10 ካሉት ቍጥሮች የትኞቹን ማውጣት ይቻላል? ጥቂት የሞከረ ሰው የሚከተሉትን ያገኛል።

(4 + 6) ÷ 5 = 2
4 + 5 − 6 = 3
(6 − 5) × 4 = 4
4 + 6 − 5 = 5
(5 − 4) × 6 = 6
5 + 6 − 4 = 7
(6 − 4) × 5 = 10

1፣ 8ና 9 በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። የዛሬው ጽሑፋችን የሚጀምረው ከእነዚህ ከጎደሉት ነው። ለምሳሌ 1ን እንውሰድ። አንዱ ተማሪ አምስት ደቂቃ ፈልጎ ያጣና «አይቻልም» ይላል። ሌላው አንድ ሰዓት ሙሉ ፈልጎ ያጣና እርሱም «አይቻልም» ይላል። ከሁለቱ የትኛው ዐወቀ? ሁለቱም አላወቁም። ሁለተኛው ይበልጥ ደከመ እንጂ የያዘው ዕውቀት ከፊተኛው አይበልጥም። ሁለቱም በእውነት ሊናገሩ የሚችሉት «አላገኘሁትም» ብቻ ነው።

«የለም» ለማለት ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። ሥራውም እንዲህ ነው። ሦስት ቍጥሮች ሲሰጡን፣ የፈለግነውን መንገድ ብንመርጥ፣ አስቀድሞ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ከዚያም የእነርሱ ውጤት ከሦስተኛው ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ሦስት አጋጣሚዎች ብቻ አሉ።

መጨረሻ የሚገባው 6 ቢሆን፣ ከ4ና ከ5 የሚወጣው 9፣ 1፣ −1፣ 20፣ 4/5 ወይም 5/4 ነው። ከ6 ጋር ተገናኝቶ 1ን የሚሰጥ ቍጥር ግን 7፣ 5፣ −5፣ 6 ወይም 1/6 ብቻ ነው። በሁለቱ ዝርዝሮች የሚገኝ አንድም የጋራ ቍጥር የለም።

መጨረሻ የሚገባው 5 ቢሆን፣ ከ4ና ከ6 የሚወጣው 10፣ 2፣ −2፣ 24፣ 2/3 ወይም 3/2 ነው። የሚያስፈልገን ግን 6፣ 4፣ −4፣ 5 ወይም 1/5 ነው። እዚህም የጋራ የለም።

መጨረሻ የሚገባው 4 ቢሆን፣ ከ5ና ከ6 የሚወጣው 11፣ 1፣ −1፣ 30፣ 5/6 ወይም 6/5 ነው። የሚያስፈልገን ግን 5፣ 3፣ −3፣ 4 ወይም 1/4 ነው። እዚህም የለም።

አለቀ። አሁን «ከ4፣ ከ5ና ከ6 በአራቱ የሒሳብ መደቦች 1ን ማውጣት አይቻልም» ብንል ማንም አይረታንም። ነገ ከእኛ የበለጠ ብልኅ ቢመጣ፣ የዛሬ መቶ ዓመት ታላቅ ሊቅ ቢነሣ፣ ይህን አያገኘውም። ሥራው አንድ ገጽ እንኳ አልፈጀም፤ ነገር ግን ከሺህ ሙከራ የማይገኝ ነገር ሰጠን። ስለ 8ና ስለ 9 ምንም አንልም፤ ለአንባቢ ትተናቸዋል። የሚቀበለን መልስ ሁለት ዐይነት ነው፤ ወይ መንገዱን፣ ወይ መንገድ አለመኖሩን ማሳየት።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ጎን እንመልከት። 3፣ 3፣ 8ና 8 ተሰጥተው 24ን አውጡ ቢባል ብዙ ሰው ደጋግሞ ሞክሮ ያጣል። 3 × 8 = 24 መሆኑ ፊት ለፊት ስለሚታይ ሁሉም የቀሩትን 3ና 8 ለማጥፋት ይታገላል፤ አይጠፉለትምም። በመጨረሻ «የለም» ብሎ ወረቀቱን ይጥላል። ነገር ግን አለ። 8ን ለ3 አካፍሉ፤ ውጤቱን ከ3 ላይ ቀንሱ፤ አንድ ሦስተኛ ይቀራል። የቀረውን 8 ለአንድ ሦስተኛ ብታካፍሉት 24 ይሆናል፤ ማለት 8 ÷ (3 − 8 ÷ 3) = 24። ሰዎች ይህን የሚያጡት ሒሳብ ስለማያውቁ አይደለም። 8 ለ3 ሲካፈል ሙሉ ቍጥር እንደማይሆን ሲያዩ «ይህ መንገድ አይደለም» ብለው ስለሚመለሱ ነው። በሩ ክፍት ነበረ፤ እነርሱ ደፉን አይተው ተመለሱ።

እንግዲህ ሁለት ነገሮችን አይተናል። በ4፣ በ5ና በ6 1ን ያጣ ሰውና በ3፣ 3፣ 8ና 8 24ን ያጣ ሰው ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ላባቸውን ጠርገው «አይቻልም» ይላሉ። የአንዱ እውነት ነው፤ የሌላው ሐሰት ነው። እነርሱ ራሳቸው ግን የትኛው የማን እንደ ሆነ አያውቁም። ማስረጃ የሌለው «የለም» ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛው ነገር ሕጉ ነው። ከ4፣ ከ5ና ከ6 1ን ማውጣት አይቻልም ስንል «በአራቱ የሒሳብ መደቦች» የሚለውን ጨምረናል። ይህች ቃል ብትወጣ አነጋገራችን ይፈርሳል። ቍጥርን በራሱ ደጋግሞ ማባዛት፣ ማለት ርቢ፣ ቢፈቀድ 6 − 5 = 1፤ 1ን አራት ጊዜ በራሱ ብናባዛው ያው 1 ነው፤ የተፈለገውም ወጣ። በአራቱ 4ዎች ጨዋታም እንዲሁ ነው። በአራቱ መደቦች ብቻ ከ0 እስከ 9 ያሉት ሁሉ ይወጣሉ፤ 10 ግን ፈጽሞ አይወጣም። ሁለት 4ዎችን አጣብቆ 44 ብሎ መጻፍ ሲፈቀድ (44 − 4) ÷ 4 = 10 ይሆናል። ዳግም ዘር ቢፈቀድም 4 + 4 + 4 ከተደመረ በኋላ የ4 ዳግም ዘር 2 ሲቀነስ 10 ይገኛል። ትላንት የማይቻለው ዛሬ ተቻለ፤ ቍጥሮቹ ግን አልተለወጡም። የተለወጠው የተፈቀደው መሣሪያ ነው።

ፒያሳ በወርቅ ቤቶቿ ስሟ የታወቀ ስለ ሆነ ምሳሌውን ወደ ሚዛን ብናዞረው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ባሼ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1612 ባሳተመው የሒሳብ ጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ አንድ የቆየ ጥያቄ አለ። አራት የሚዛን ድንጋዮች ብቻ ይዘን ከ1 እስከ 40 ያለውን ክብደት ሁሉ ለመመዘን ድንጋዮቹ ስንት ስንት ይመዝኑ? መልሱ 1፣ 3፣ 9ና 27 ነው። ድንጋዮቹን በአንድ ጎን ብቻ እናስቀምጥ ካልን በእነዚህ አራት ድንጋዮች የሚመዘኑት ክብደቶች 15 ብቻ ናቸው፤ 2 ግራም እንኳ መመዘን አንችልም። ድንጋይን ከወርቁ ጎን ማስቀመጥ የተፈቀደ እንደ ሆነ ግን 3ን በአንዱ ጎን፣ 1ን ከወርቁ ጋር አድርገን 2ን እናገኛለን፤ እንዲህ እያደረግን እስከ 40 አንድም ሳይጎድል እንደርሳለን። በድንጋዮቹ ላይ አንዲት ግራም አልተጨመረችም።

ሕግ ሲላላ ሁልጊዜ ይሻላል ማለታችን ግን አይደለም። በአራቱ 4ዎች ጨዋታ ዳግም ዘርን ያለ ገደብ መደራረብና ሎጋሪዝምን መጠቀም ከተፈቀደ፣ የተፈለገውን ማንኛውንም ሙሉ ቍጥር በአንድ ዐይነት መንገድ ብቻ ማውጣት ይቻላል፤ ቍጥሩ በጨመረ ቍጥር የዳግም ዘሩን ምልክት መጨመር ብቻ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ዲራክ እንዲህ ያለ መፍትሔ እንደ ሰጠ ይነገራል። መላው ያስደንቃል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ጨዋታው አለቀ። ሁሉ የሚቻልበት ጨዋታ ምንም የሚፈለግበት አይደለም። ስለዚህ ሕግ መኖሩ አይከፋም፤ የሚከፋው ሳይነገር መቅረቱ ነው።

በአገራችን ይህ ዐይነቱ ትምህርት እንግዳ አይደለም። የግዕዝ አኃዝ ራሱ ከተወሰኑ ምልክቶች ቍጥርን ሁሉ የማውጣት ጥበብ ነው። ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ዘጠኝ፣ ከዚያም ፻ና ፼፤ በጠቅላላው 20 ምልክቶች ናቸው። ፲፰፻፹፰ ብሎ የጻፈ ሰው 10ና 8ን ደምሮ በ100 አባዝቶ፣ በላዩ 80ና 8ን ጨምሯል። ጸሐፊው ሳያስበው መደመርንና ማባዛትን በአንድ መስመር ፈጽሟል።

ከዚህም ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ የሚሰጠው የባሕረ ሐሳብ ትምህርት ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ደብተራ የፋሲካን ቀን በጥቂት ቍጥሮች ያወጣል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይጨምራል፤ በ19 ይገድፋል፤ ቀሪው መደብ ነው። ከመደቡ 1 ሲቀነስ ወንበር ይሆናል። ወንበርን በ11 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ አበቅቴን፣ በ19 አባዝቶ በ30 ሲገድፍ መጥቅዕን ያገኛል። የ2016ን ዓመት እንይ። 2016 ሲደመር 5500 ይሆናል 7516፤ በ19 ሲገደፍ 11 ይቀራል፤ ወንበሩ 10 ነው። 110 በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 20፣ 190 በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 10 ሆነ። መጥቅዑ ጥቅምት 10 ቀን ቅዳሜ ዋለ፤ የቅዳሜ ተውሳክ 8 ስለ ሆነ 10ና 8 ተደምሮ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ገባች። የፋሲካ ተውሳክ 9 ነውና 18ና 9 ተደምሮ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። በዚያ ዓመት ፋሲካን ያከበረ ሁሉ ቀኑን ያስታውሰዋል።

በዚህ ሐሳብ ውስጥ ሁልጊዜ የሚነገር አንድ ቃል አለ፤ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። 20ና 10፣ 30 ናቸው። ይህን ለአሥር ዓመት ሞክሮ ያየ ሰው «ሁልጊዜ 30 ነው» ቢል አሁንም ያየውን ተናገረ እንጂ ያወቀውን አልተናገረም። ምክንያቱን የፈለገ ግን ወዲያው ያገኘዋል። ወንበር አንድ ጊዜ በ11፣ አንድ ጊዜ በ19 ተባዝቷል፤ 11ና 19 ደግሞ 30 ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ብዜቶች ሲደመሩ ወንበር በ30 የተባዛው ይመጣል። ከዚህ ላይ 30፣ 30ውን ብንገድፍ የሚቀሩት ሁለት ቍጥሮች ድምር ከ30 ብዜት አይወጣም፤ ሁለቱም ከ30 ስለሚያንሱ 60 ሊደርሱ አይችሉም፤ ስለዚህ 30 ናቸው። ወንበር ባዶ በሚሆንበት ዓመት አበቅቴው «አልቦ» ይባላል፤ መጥቅዑም 30 ነው። ምልክት ባይኖረንም ዜሮን በስሙ እንጠራው ነበር ማለት ነው። እንግዲህ «ፈጽሞ የለም» ለማለት ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ሁሉ «ሁልጊዜ ነው» ለማለትም ያስፈልጋል። ሁለቱ ቃላት መንትዮች ናቸው።

ማስረጃ ሳይዙ በቍጥር መደነቅም አደጋ አለው። በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ሐውልቱን፣ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውንም የዓድዋ ድል መታሰቢያ እያየ የሚያልፍ ሁሉ ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እንደ ሆነ ያውቃል። የዓመቱ አኃዞች 1፣ 8፣ 8ና 8 ናቸው። 8 + 8 + 8 − 1 = 23። ቀኑ ከዓመቱ ወጣ! አንዳንዱ በዚህ ምሥጢር ያይበት ይሆናል። እኛ ግን በደስታ ፈገግ ብለን እናልፈዋለን፤ ምክንያቱም ከእነዚያው አኃዞች 1 × (8 + 8 + 8) = 24፣ 8 + 8 + 8 + 1 = 25 ይወጣል። ጦርነቱ በማግሥቱ ወይም በሠልስቱ ቢሆን ኖሮም ያው ሰው ያው መደነቅ ባልቀረበት ነበር። የዓድዋ ክብር የተገኘው ከተዋጊዎቹ ነው፤ ከአኃዝ መግጠም አይደለም። የሚፈለገውን አስቀድሞ ዐውቆ መንገዱን ኋላ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር ማግኘቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ብዙዎቻችን ወደዚህ የመጣነው አንድ ጥያቄ አንድ መልስ፣ አንድ መልስ አንድ መንገድ ብቻ አለው በሚል ልማድ ተቀርጸን ነው። ፈተና ላይ የማናውቀው ጥያቄ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ሞክረን «ጥያቄው ስሕተት አለበት» እንላለን። አንዳንድ ጊዜ በእርግጥ ስሕተት ይኖርበታል፤ ነገር ግን ስሕተቱን አውጥቶ ያሳየ ማነው? «ይህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም…» ብሎ ሦስት መስመር የጻፈ ተማሪ ከመለሱት ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል። ምክንያቱን ሳይጽፍ ባዶ ወረቀት ያስረከበ ግን አገር ሳይሰጥ መልስ እንደሚሻ ልጅ ነው።

ለመምህራኖቻችንም በአክብሮት የምንለው አለን። ተማሪ ከሰሌዳው በተለየ መንገድ ወደ መልሱ ሲደርስ መንገዱን ሳይመረምሩ በቀይ መሰረዝ በ8 ÷ (3 − 8 ÷ 3) ላይ በሩን እንደ መዝጋት ነው። እንዲሁም ተማሪ «ለምን አይሆንም?» ብሎ ሲጠይቅ «አይሆንም ብያለሁ» የሚለው መልስ ማስረጃ አይደለም። ማዕዘንን ልኬት በሌለው ማስመሪያና በኮምፓስ ብቻ ለሦስት እኩል ማካፈል ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሲሞከር ኖሯል። ፒየር ቫንትዜል የተባለ ወጣት ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1837 ለማንኛውም ማዕዘን የሚሠራ እንዲህ ያለ መንገድ ሊኖር እንደማይችል እስኪያስረዳ ድረስ ታላላቅ ሊቃውንት ማለት የቻሉት «አላገኘነውም» ብቻ ነበር። እነርሱ ይህን ለመናገር ካላፈሩ እኛ ምን ያሳፍረናል?

ጉዳዩ ከትምህርት ቤት አጥር ውጭም ይወጣል። በየመስኮቱ «አይቻልም» ተብሎ ያልተመለሰ ባለጉዳይ የለም። ይህን ቃል የሰማ የተማረ ሰው ሊጠይቀው የሚገባ ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ «በየትኛው ሕግ?» ሕጉ ተጽፎ ቢታይና በእርግጥ የማይፈቅድ ቢሆን ባለጉዳዩ ያዝናል እንጂ አይበደልም፤ ሕጉም እንዲሻሻል በአግባቡ መጠየቅ ይችላል። ሕጉ ሳይነገር የሚሰጥ «አይቻልም» ግን ብዙ ጊዜ «አልፈለግሁትም» ማለት ነው። ነገ ከመስኮቱ ወዲያ የምንቀመጠው እኛው ነን። ያን ጊዜ ይህን ቃል ከማውጣታችን በፊት ሦስቱን አጋጣሚዎች አንድ በአንድ የማየት ልማድ ካላደረብን፣ ዛሬ የምናማርረውን ነገ እንሠራዋለን።

«ይህን ሁሉ ዛሬ ኮምፕዩተር በቅጽበት ይሠራው የለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በእጅ ያለ ስልክ የእነዚህን አራት ቍጥሮች መንገድ ሁሉ ዐይን ሳይጨፈን ፈትሾ «አለ» ወይም «የለም» ሊል ይችላል። ነገር ግን የትኛው ሕግ እንደ ተሰጠው፣ ሁሉንም ፈትሾ እንደ ሆነ፣ ለምንስ እንዳልተገኘ መጠየቅ የኛ ፈንታ ነው። መልሱን ተቀብሎ ምክንያቱን ያልጠየቀ ሰው ከእንቆቅልሹ ጨዋታ የቀረለት አገሩን መስጠት ብቻ ነው።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት አንድ ቀላል ሐሳብ እናቀርባለን። በየመማሪያው ሕንፃ መተላለፊያ ላይ አንድ ጥቁር ሰሌዳ ይኑር። በየሳምንቱ ሰኞ አራት ቍጥሮችና አንድ ተፈላጊ ቍጥር ይጻፍበት። የሚፈቀዱት መሣሪያዎች ከላይ በግልጽ ይዘርዘሩ። ያገኘ መንገዱን ይጻፍ፤ «የለም» ያለ ማስረጃውን ያቁም፤ ያላገኘ ደግሞ ሳያፍር «አላገኘሁትም» ብሎ ከሥሩ አንድ አገር ይስጥ። የሒሳብ ተማሪ ብቻ ሳይሆን የሕግም፣ የታሪክም፣ የሕክምናም ተማሪ ይሳተፍ፤ መምህራንም እንደ ተማሪ ገብተው አገር ይስጡ። ሥራው ከጠመኔ በቀር ወጪ አይጠይቅም።

በአነጋገራችን «አራዳ» የምንለው ከሰፈሩ ስም የወጣው ቃል ብልጥ፣ መላ የማያጣ ሰው ማለት ሆኖ ኖሯል። መላ ማወቅ መልካም ነው። ነገር ግን መላ ያለበትን ከሌለበት ለይቶ፣ ለምን እንደሌለም አስረድቶ፣ ያልመረመረውን «አላውቅም» የሚል ሰው ከዚያ ይበልጣል። ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ የ8ና የ9 ነገር በእጃችሁ ነው። መንገዱን ወይም ማስረጃውን ለዝግጅት ክፍላችን አድርሱን።